ዝምታና ድምፅ፦ ከሮበርት ዴ ኒሮና ከአል ፓቺኖ ማንን እመርጣለሁ?

(ለሕዝብ የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



ለዛሬው ምሽት የተሰጠኝ ርዕስ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ሁለት አንጋፋ የፊልም ተዋንያንን አነጻጽሬ በመጨረሻ አንዱን እንድመርጥ ነው የተጠየቅሁት። ተማሪዎች ሻይ ቤት ተቀምጠው በግማሽ ሰዓት የሚፈጽሙት ክርክር ነው። እኔ ግን ለዚህ ጥያቄ ከሃያ ዓመት በላይ አንድ ዓይነት መልስ ስሰጥ ኖሬአለሁ። በዚያ መልስ ተማሪዎችን መርቼበታለሁ፤ ነጥብም ሰጥቼበታለሁ። ዛሬ መልሴን ልለውጥ ስለመጣሁ ነገሩ ለእኔ ቀላል አይደለም።

ሁለቱ ተዋንያን ሮበርት ዴ ኒሮና አል ፓቺኖ ናቸው። ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት ሁለት ነገር ላሳስብ። አንደኛ፣ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሁለተኛ፣ ሁለቱም ሰማንያን የተሻገሩ አዛውንት ስለሆኑ በዕድሜ ደንብ አንቱ ልላቸው ይገባ ነበር፤ ነገር ግን እኛ የምንወደውን ከያኒ «እሱ» እያልን ማንሣት የለመድን ነንና በዚያው ልማድ እቀጥላለሁ።

ፓቺኖ በ1940 በኒው ዮርክ ተወለደ። ያደገው በዚያው ከተማ በደቡብ ብሮንክስ፣ ከእናቱና ከእናቱ ወላጆች ጋር በችግር ነው። ዴ ኒሮ በ1943 በዚያው ኒው ዮርክ፣ በማንሃተን ተወለደ፤ አባቱም እናቱም ሠዓሊዎች ነበሩ። ሁለቱ ገና ስም ሳያወጡ የእንጀራ ገመዳቸው ተጠላልፎ ነበር። ፓቺኖ «ዘ ጎድፋዘር» ላይ እንዲተውን ሲመረጥ ቀድሞ የተቀበለውን ሌላ ፊልም ተወ፤ የተወውን ቦታ የያዘው ዴ ኒሮ ነበር። በ1974 ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ የ«ዘ ጎድፋዘር»ን ሁለተኛ ክፍል ሲሠራ ደግሞ ፓቺኖ ልጁን ማይክል ኮርሊዮኔን፣ ዴ ኒሮ አባቱን ቪቶን በወጣትነቱ ዘመን ተጫወቱ። በዕድሜ ሦስት ዓመት የሚያንሰው አባት ሆነ ማለት ነው። የአባትየው ታሪክና የልጅየው ታሪክ በተለያየ ዘመን የሚፈጸሙ በመሆናቸው ሁለቱ ተዋንያን በአንድም ትዕይንት አብረው አይታዩም። ዴ ኒሮ በዚህ ሥራው በምርጥ ረዳት ተዋናይነት ኦስካር ተሸለመ።

በዚያ ዓመት ከዴ ኒሮ ጋር ለዚሁ ሽልማት ከታጩት አንዱ ሊ ስትራስበርግ መሆኑን ለተማሪዎቼ ደጋግሜ እነግራለሁ። ስትራስበርግ በፊልሙ ውስጥ ሃይማን ሮት የተባለውን ሽማግሌ የተጫወተ ቢሆንም፣ በዋና ሙያው የአክተርስ ስቱዲዮ መሪና የፓቺኖ መምህር ነበር። ተዋናይ ከገዛ ትዝታው፣ ከገዛ ቁስሉ መነሣት አለበት ብሎ ያስተምር ነበር። ዴ ኒሮን በወጣትነቱ ያስተማረችው ስቴላ አድለር ግን በ1934 ፓሪስ ላይ ከስታኒስላቭስኪ ጋር ሠርታ ከተመለሰች በኋላ ይህን መንገድ ተቃወመች። ተዋናይ መነሣት ያለበት ድርሰቱ ከሰጠው ሁኔታና ከምናቡ ነው አለች። በተግባር ሁለቱ መንገዶች መቀላቀላቸው አይቀርም፤ ቢሆንም ልዩነቱ በሁለቱ ሰዎች ሥራ ላይ ይታያል።

ዴ ኒሮ ገጸ ባሕርይውን ካለበት ሄዶ ያመጣዋል። ለቪቶ ሲል ሲሲሊ ድረስ ሄዶ የአገሩን ቋንቋ ተማረ፤ በፊልሙ ውስጥ የሚናገረው ከሞላ ጎደል በዚያ ቋንቋ ነው። በ1976 ለወጣው «ታክሲ ድራይቨር» የታክሲ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ በኒው ዮርክ ጎዳናዎች ተሳፋሪ አመላለሰ። በ1980 ለወጣው «ሬጂንግ ቡል» ቀረጻው ተቋርጦ እስኪጠብቀው ድረስ 27 ኪሎ ያህል ክብደት ጨመረ፤ በዚህም የምርጥ ተዋናይነት ኦስካር አገኘ። ፓቺኖ ግን ገጸ ባሕርይውን ከራሱ ውስጥ ያወጣዋል። የሚጫወተው ሰው ማንም ቢሆን ያ የብሮንክስ ልጅ ከሥሩ አለ፤ ፓቺኖም ሊደብቀው አይደክምም።

እኔ ሁለቱን ያወቅኋቸው ልጅ ሳለሁ መርካቶ አካባቢ በነበረ አንድ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው። አግዳሚው ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጨናንቀን፣ በአንዲት ትንሽ ቴሌቪዥን ፊት እንቀመጥ ነበር። የአማርኛ ትርጉም አልነበረም፤ እንግሊዝኛችንም የመማሪያ መጽሐፍ እንግሊዝኛ ነበር። ስለዚህ የምናነበው ፊት ነው። ዴ ኒሮ ለዚህ ዓይነቱ ንባብ የተፈጠረ መሰለኝ። ዐይኑን ጠበብ አድርጎ፣ ከንፈሩን ወደ ታች ሳብ አድርጎ ዝም ሲል፣ ከአንድ ገጽ ንግግር የበለጠ ይገባኝ ነበር። የሰፈሩ ልጆች ግን የፓቺኖ ወገን ነበሩ። በ1983 ከወጣው «ስካርፌስ» የቀዱትን ጩኸት ይዘው ወደ ቤት ይሄዱ ነበር። እኔ ደግሞ በውስጤ እንቃቸው ነበር።

ይህ ምርጫዬ በአገራችን ልማድ ላይ ትንሽ አመፅ ነበረበት። እኛ ተዋናይን በድምፁ ስንለካ የኖርን ሰዎች ነን። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ ሲተርክ የሰማ ትውልድ፣ ፊት ሳይታይ በድምፅ ብቻ ሙሉ ሰው ሊፈጠር እንደሚችል ያውቃል። መድረካችንም በኋለኛው ወንበር ለተቀመጠው ሰው እንዲሰማ ሆኖ ያደገ ነው። ወደ ካሜራ ስንሸጋገር ግን ያ ድምፅ ሸክም ሆነብን። በድራማዎቻችን ውስጥ ባልና ሚስት አንድ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ወንዝ ማዶና ወንዝ ማዶ ሆነው እንደሚጠራሩ ሰዎች ሲጯጯሁ ያላየ የለም። መምህር ስሆን ለዚህ በሽታ መድኃኒቱን ያገኘሁ መሰለኝ፤ መድኃኒቱ ዴ ኒሮ ነበር። በየዓመቱ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሰሌዳው ላይ «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት ጽፌ ትምህርቱን እጀምር ነበር።

አሁን ስለ አንዲት ተማሪዬ ልንገራችሁ። ስሟን አልጠራም። ድምፅ ነበራት፤ ሳትጮህ ክፍሉን የሚሞላ ድምፅ። ለተግባር ፈተና ልጇ መታሰሩን በር ላይ ቆማ የምትሰማ እናትን እንድትጫወት ሰጠኋት። ስትጀምር ያ ድምፅ ወጣ። አስቆምኋትና «ዝቅ አድርጊ፤ ካሜራው አጠገብሽ ነው» አልኋት። ደገመችው። «አሁንም ዝቅ አድርጊ» አልኋት። በሦስተኛው ምን እንዳለች ሊሰማኝ አልቻለም፤ ፊቷም ባዶ ነበር። እኔ ግን ባዶነቱን ቁጥብነት ነው ብዬ ጥሩ ነጥብ ሰጠኋት።

ከዓመታት በኋላ መድረክ ላይ አየኋት። የተቀመጥሁት መካከል አካባቢ ነበር። ዋናው ንግግሯ ሲደርስ ከአጠገቤ የነበሩት ባልና ሚስት «ምን አለች?» እየተባባሉ ተጠያየቁ። እኔም አልሰማሁም። ሲያበቃ ከመድረክ ጀርባ ሄጄ እንኳን ደስ አለሽ ካልኋት በኋላ፣ መምህርነቴ አላስቀምጥ ብሎኝ «ድምፅሽን ምን ነካው?» ብዬ ጠየቅኋት። ፈገግ ብላ «መምህር፣ ዝቅ አድርጊ ያሉኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አለችኝ። ቂም አልነበረባትም፤ እንደ ቀልድ ነው ያለችው። እኔም አብሬአት ሳቅሁ። ቤቴ ስደርስ ግን ሳቁ ጠፋ። ያቺን ልጅ የዴ ኒሮን ዝምታ አላስተማርኋትም። ያስተማርኋት ድምፅዋን መፍራት ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁለቱን ተዋንያን እንደ አዲስ ማየት ጀመርሁ። መጀመሪያ ያፈረሰብኝ «ፓቺኖ ጩኸት፣ ዴ ኒሮ ዝምታ» የሚለውን የራሴን ክፍፍል ነው። በ1973 የወጣውን «ሚን ስትሪትስ» የተመለከተ ሰው የዴ ኒሮን ጩኸት ያውቃል፤ እዚያ የሚጫወተው ጆኒ ቦይ አፉን የማይዘጋ እሳት ነው። በአንጻሩ እኔ እስከ ዛሬ ካየኋቸው ዝምታዎች ሁሉ የሚልቀው የፓቺኖ ነው፤ እሱም በ1972ቱ የመጀመሪያው «ዘ ጎድፋዘር» ውስጥ ይገኛል።

ትዕይንቱን ታስታውሳላችሁ። ማይክል ኮርሊዮኔ የአባቱን ጠላት ሶሎዞንና አንድ ሙሰኛ የፖሊስ መኮንን ሊገድል ምግብ ቤት ተቀምጧል። ሶሎዞ በጣልያንኛ ይናገራል፤ ኮፖላም ለዚህ ንግግር ትርጉም አላኖረለትም። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ተመልካች በዚያች ሰዓት ልክ እንደ እኛ እንደ ቪዲዮ ቤት ልጆች ይሆናል፤ ከፊት በቀር የሚያነበው የለውም። ማይክል ወደ መጸዳጃ ቤት ሄዶ የተደበቀለትን ሽጉጥ ይዞ ተመልሷል። ሶሎዞ ያወራል፤ ከውጭ የባቡር ድምፅ እየበረታ ይመጣል። ፓቺኖ ምንም አያደርግም። ዐይኖቹ ብቻ ወዲህና ወዲያ ይላሉ። ያ ወጣት ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ከአንድ ሕይወት ወጥቶ ወደ ሌላ ሲገባ እናያለን። የፊልሙ ድርጅት ኃላፊዎች ፓቺኖን ለዚህ ቦታ አልፈለጉትም ነበር፤ ቀረጻው ከተጀመረ በኋላም ሊያሰናብቱት አስበው ነበር። ሥራውን ያተረፈለት የዚህ ትዕይንት ቀረጻ ነው።

ይኸው ሰው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1975 በሲድኒ ሉሜት «ዶግ ዴይ አፍተርኑን» ውስጥ ብሩክሊን ላይ ባንክ ሊዘርፍ ገብቶ የተከበበ ሰው ሆኖ ታየ። ከባንኩ በር ወጥቶ፣ ፖሊሶቹንና የተሰበሰበውን ሕዝብ እያየ፣ በ1971 የእስረኞች አመፅ በደም የታፈነበትን የአቲካን እስር ቤት ስም እየደጋገመ ይጮኻል። ያ ጩኸት የተዋናይ ጉራ አይደለም። ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው ሕዝብ አግኝቷል፤ ድምፁ የሚያድገውም ሕዝቡ በመለሰለት ልክ ነው። ለተማሪዬ «ዝቅ አድርጊ» ስላት ልጠይቃት ይገባኝ የነበረው ጥያቄ እዚህ አለ፦ ለማን ነው የምትናገሪው? የድምፅ ልክ የሚወሰነው በካሜራው ርቀት ብቻ ሳይሆን በሚሰማው ሰው ነው። አባቶቻችን «ዝም አይነቅዝም» እንዳሉ ሁሉ «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል»ም ብለዋል። እኔ ለሃያ ዓመት አንዱን ተረት ሰሌዳ ላይ ጽፌ ሌላውን ደብቄአለሁ።

ሁለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት የተቀመጡት በ1995 በማይክል ማን «ሂት» ውስጥ ነው። ፓቺኖ መርማሪ ፖሊስ፣ ዴ ኒሮ እሱ የሚያሳድደው ዘራፊ ናቸው። አብረው ቡና ይጠጣሉ። ማን ሁለት ካሜራዎችን በአንድ ጊዜ አስነሥቶ የሁለቱን ፊት በአንድነት ቀረጸ፤ ስለዚህ አንዱ ሲናገር የሌላው ማዳመጥ ያው የዚያች ቅጽበት ማዳመጥ ነው። በቀረው ፊልም ሁሉ ሲጮህ የነበረው ፓቺኖ እዚህ ድምፁን ወደ ዴ ኒሮ ድምፅ ያወርዳል። ዴ ኒሮ ደግሞ በሌላ ቦታ ለማንም የማይሰጠውን ጥቂት ሙቀት ይሰጠዋል። አንዱ ሌላውን ሊበልጥ አይሞክርም። በ2008 በ«ራይቸስ ኪል» ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብረው ሲታዩ ግን ያ አልተደገመም። ሁለት ትልልቅ ስሞች አንድ ላይ መቆማቸው ብቻውን ትወና አይሆንም፤ በመካከላቸው የሚፈለግ ነገር ያስፈልጋል።

አሁን ለዴ ኒሮ የሚገባውን ልስጥ፤ ካልሰጠሁ ፍርዴ ፍርድ አይሆንም። በ2019 ማርቲን ስኮርሴዚ 209 ደቂቃ የሚፈጀውን «ዘ አይሪሽማን» አቀረበ። ፓቺኖ የሠራተኞች ማኅበር መሪውን ጂሚ ሆፋን ይጫወታል፤ ዴ ኒሮ የሆፋ ታማኝ ወዳጅ የነበረውን፣ በፊልሙም ታሪክ ኋላ የገደለውን ፍራንክ ሺራንን። ከግድያው በኋላ ሺራን ለሆፋ ሚስት ስልክ ይደውላል። ባሏ ጠፍቶባታል፤ እሱ ያጽናናታል። ዴ ኒሮ በዚህ ትዕይንት አንድም ዓረፍተ ነገር አይጨርስም። ቃል ይጀምራል፣ ይተወዋል፣ ሌላ ይጀምራል። ያ ሁሉ ለመዋሸት ያለመቻል ነው፤ ለመናዘዝም ያለመቻል ነው። እኔ ቀብር ቤት ገብተው ምን እንደሚሉ የጠፋቸውን ሰዎች አይቻለሁ፤ እንደዚያ ነው የሚሆኑት፤ የዚህኛው ግን ገዳዩ እሱ ራሱ ነው። በዚያ ዓመት ለዚህ ፊልም ፓቺኖና ጆ ፔሺ በረዳት ተዋናይነት ለኦስካር ሲታጩ፣ ዴ ኒሮ በትወና አልታጨም። ዝምታ በቀላሉ እንደማይታይ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለኝም።

ይህን ትዕይንት ደጋግሜ ስመለከት ግን ሌላ ነገር አስተዋልሁ። መንተባተቡ ያን ያህል የሚከብደው የሆፋ ድምፅ ከፊልሙ ስለጠፋ ነው። ፓቺኖ ከዚያ በፊት ቤቱን በድምፅ ሞልቶታል፤ ሲያስተባብር፣ ሲሳደብ፣ ሰው ከቀጠሮው ዘግይቶ ሲመጣ ስንት ደቂቃ ሊጠበቅ እንደሚገባ ሲከራከር፣ አይስክሬም ሲበላ። ተመልካች ይሥቅበታል፤ ይሰለቸዋልም። ከዚያ ያ ድምፅ በድንገት ይቆማል። ከስልኩ ጋር ተያይዞ የሚሰማን ዝምታ ግማሹ የዴ ኒሮ ነው፤ ግማሹ ግን ከእንግዲህ የማይመለሰው የፓቺኖ ድምፅ የተወው ባዶ ቦታ ነው።

ስለዚህ የምመርጠው አል ፓቺኖን ነው።

ተቃውሞው እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ለዓመታት እኔው ራሴ ስናገረው የኖርሁት ነውና። ፓቺኖ ልክ ያልፋል። ብቸኛውን ኦስካሩን ያስገኘለት የ1992ቱ «ሴንት ኦቭ ኤ ውማን» እንኳ ልክ ያለፈባቸው ቦታዎች አሉት። በ1985 «ሬቮሉሽን» ሲወድቅበት ከፊልም ርቆ፣ በ1989 እስኪመለስ ድረስ ሰነበተ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ዴ ኒሮም ቢሆን በኋለኛው ዘመኑ ራሱን የማይመጥኑ ኮሜዲዎችን አልናቀም። ልዩነቱ ያለው በአወዳደቃቸው ላይ ነው። ዴ ኒሮ ሲደክም ይቀዘቅዛል፤ የለም ማለት ይቻላል። ፓቺኖ ሲሳሳት ግን ሁሉንም ነገር አውጥቶ እየሰጠ ነው የሚሳሳተው፤ ተማሪ ከስሕተቱም ይማራል።

ሁለተኛው ምክንያቴ መድረክ ነው። ፓቺኖ ማይክልን ከመጫወቱ በፊት፣ በ1969፣ በብሮድዌይ ሥራው የቶኒ ሽልማት አግኝቷል፤ ዝነኛ ከሆነ በኋላም በ1977 ሁለተኛውን አገኘ። በ1996 የሼክስፒርን «ሪቻርድ ሣልሳዊ» ለተራው ሰው ለማስረዳት ሲል መንገደኛ እያስቆመ የሚጠይቅበትን «ሉኪንግ ፎር ሪቻርድ» የተባለ ዘጋቢ ፊልም ራሱ አዘጋጀ። ድምፁን ያሳደገው መድረክ ካሜራ ፊት እንቅፋት አልሆነበትም፤ የምግብ ቤቱን ዝምታ የተጫወተው ይኸው የመድረክ ሰው ነው። ለእኛ ለመድረክ ልጆች ይህ ትልቅ ምስክርነት ነው። ድምፅ ያለው ሰው ዝም ሲል ዝምታው ይሰማል። ድምፁን የተነጠቀ ሰው ዝም ሲል ግን የሚሰማ ነገር የለም።

ዴ ኒሮን አልክደውም። የልጅነት ዐይኔን የከፈተው እሱ ነው፤ የስልኩን ትዕይንት ከሱ በቀር ሊጫወተው የሚችል አላውቅም። ነገር ግን እኔ የተማሪዎች መምህር ነኝ፤ ስመርጥም አብሬ የምመርጠው ለተማሪ የምሰጠውን ምሳሌ ነው። ከዚህ ዓመት ጀምሮ ሰሌዳው ላይ ሁለቱንም ተረቶች እጽፋለሁ። «ዝቅ አድርጊ» የሚለውንም ትእዛዝ ትቼ «ለማን ነው የምትናገሪው?» ብዬ እጠይቃለሁ።

ያቺ ተማሪዬ ዛሬ ከመካከላችን የለችም፤ በዚህ ሰዓት ትርዒት ላይ ናት። ይህ ንግግር በጽሑፍ ሲወጣ ግን ታነበው ይሆናል። ካነበበችው፣ ያን የፈተና ትዕይንት አንድ ጊዜ በራሷ ድምፅ ልታሳየኝ ብትፈቅድ ደስ ይለኛል። በዚህኛው ጊዜ አላስቆማትም።

 አሁን መድረኩ የእናንተ ነው፤ በተለይ የዴ ኒሮ ወገኖች ጥያቄያችሁን አቅርቡ።